ሳስኪያን የሳላት ፍቅር ብቻ አይደለም

ይድረስ ለኪነ ጥበብ ዓምድ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንትና ስለ ሚስቱ ሳስኪያ የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። ጸሐፊው የሳስኪያን ሥዕሎች በሙሉ «የፍቅር ማስታወሻ» ብለው ባንድ ላይ ጠቀለሏቸው።

አንዷ ላይ እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1633 በትንሽ ብራና ላይ ጫፉ ብር በሆነ ቀጭን መንደፊያ የነደፋት ሳስኪያ ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ፣ ጉንጯን በእጇ ደገፍ አድርጋ አበባ ይዛለች። ከሥሯም ሚስቱ የ21 ዓመት ልጅ ሳለች፣ በተጫጩ በሦስተኛው ቀን፣ ጁን 8 እንደሳላት በራሱ እጅ ጽፎበታል። ይህቺን ለራሱ ነው የሳላት።

የዘይት ቀለም ሥዕሎቹ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። የምኖረው ለንደን ነው፤ የሥዕል ሙዚየሙ ናሽናል ጋለሪ መግቢያው በነጻ ስለሆነ ከሥራ ስወጣ ጎራ እላለሁ። እዚያ ያለችው የ1635ቷ ሳስኪያ የአበባ ጉንጉን ደፍታ፣ እቅፍ አበባ ይዛ ቆማለች። በራጅ ሲታይ ግን ሥዕሉ የተጀመረው ዮዲትን ለመሳል ኖሯል! ያቺው በመጽሐፈ ዮዲት የምናውቃት፣ የሆሎፎርኒስን ራስ የቆረጠችው። ሠዓሊው ሐሳቡን ቀይሮ የተቆረጠውን ራስ ከሥዕሉ ላይ ሸፈነና አበባ አስያዛት። የትኛው ባል ነው የፍቅር ማስታወሻውን በተቆረጠ ራስ የሚጀምር? ሳስኪያ ሚስቱም ሞዴሉም ነበረች።

ሬምብራንት ጣሊያንን ረግጦ አያውቅም፤ የጣሊያን ሥዕል ግን አምስተርዳም ድረስ መጥቶለታል። በ1639 ጣሊያናዊው ሠዓሊ ራፋኤል የሳለው የጸሐፊው የካስቲልዮኔ ምስል በጨረታ ሲቀርብ ቶሎ ብሎ ነድፎት፣ የተሸጠበትን 3,500 ጊልደር (የሆላንድ ገንዘብ) ሳይቀር ከንድፉ ላይ አስፍሯል። ያን ሥዕል የገዛው ሰው፣ አልፎንሶ ሎፔዝ፣ የሌላው ጣሊያናዊ ሠዓሊ የቲሺያንም «ፍሎራ» (የሮማውያን የአበባ አምላክ ሥዕል) ነበረችው፤ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በሌላው አበባ የምትዘረጋው። አሁን ጀርመን፣ ድሬዝደን ከተማ ያለችውን የ1641ዷን ሳስኪያ እዩ፦ እጅ ደረት ላይ፣ ቀይ አበባ ወደ ተመልካቹ። አቋሙ የቲሺያን ነው። ፊቱን ግን ከማንም አልወሰደውም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሠላሳ ሳይሞላት መሞቷን እያሰብኩ ሳየው፣ ለጸሐፊው ትንሽ እሸነፋለሁ።

ስለ ሬምብራንት ዳግመኛ ስትጽፉ የቲሺያንን «ፍሎራ»ና የ1641ዷን ሳስኪያ ጎን ለጎን አትሙልን።

ከለንደን አንባቢያችሁ