ለልጄ፦ ስለ ቆሽት፣ ስለ ደምና ስለ ሐሞት

ውድ ልጄ፣

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያሽ የእርድ ተረፈ ምርትን እንደመረጥሽ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። በቄራ የሥጋ መርማሪ ሆኜ ስሠራ ቆሽቱና ሐሞቱ ከፈርሱ ጋር ተጠርጎ ሲጣል፣ ደሙም በውኃ ታጥቦ ወደ ቦይ ሲወርድ ለዓመታት አይቻለሁና፣ ይህን ጉዳይ የእኔው ልጅ መያዟ እጅግ አስደስቶኛል።

አስቀድመሽ ቆሽትን አስቢ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1922 በቶሮንቶ፣ በስኳር በሽታ ለሞት የተቃረበው የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን የተወጋው ኢንሱሊን የወጣው ከበሬ ቆሽት ነበር። የመጀመሪያው መርፌ በቂ ንጽሕና ስላልነበረው ብዙም አልረዳውም፤ ልጁ የተሻለው የባዮኬሚስትሪ ባለሙያው ጄምስ ኮሊፕ በአልኮል አጣርቶ ያዘጋጀውን ከ12 ቀን በኋላ ሲወጋ ነው። እኔ ግን አጥብቄ የምነግርሽ ከማጣራቱ በፊት ስላለው ሥራ ነው። ቆሽት ፕሮቲን የሚፈጩ ኢንዛይሞች ስላሉት፣ ከእርድ በኋላ ሳይቀዘቅዝ ከቆየ ኢንሱሊኑን ራሱ ያጠፋዋል። ደምም በንጹሕ ዕቃ ካልተቀበሉትና ፈርስ ከነካው፣ የትኛውም ቤተ ሙከራ አይመልሰውም። ስለዚህ ናሙናሽን ሌላ ሰው እንዲያመጣልሽ አትጠብቂ፤ በእርዱ ሰዓት በረዶ ይዘሽ ራስሽ ተገኚ።

ደምን ከሚያቀላው ፕሮቲን ከሄሞግሎቢን በኢንዛይም ተቆራርጠው የሚገኙ ፔፕታይዶች (አጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች) የደም ግፊት እንዲጨምር የሚያደርገውን ኢንዛይም በቤተ ሙከራ ሲገቱ ታይተዋል፤ ነገር ግን በሆድና በአንጀት እንደገና ሊፈጩ ስለሚችሉ፣ ሰው ላይ ሳይፈተኑ «ጤና ይሰጣሉ» ብለሽ አትጻፊ። የደም ብረት ከእህል ብረት ይልቅ በቀላሉ ወደ ሰውነት መግባቱም እውነት ነው፤ ሆኖም በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ደም አይበላምና፣ ከምን እንደተሠራ ሳይነገራት ለአንዲት ነፍሰ ጡር በዱቄት መልክ መስጠት በደል ይሆናል።

እኔ ብሆን ሐሞትን እመርጥ ነበር። በበሬ ሐሞት ውስጥ ያለው ኮሊክ አሲድ፣ የኮሌስትሮል የሐሞት ጠጠርን ለማሟሟትና ለአንዳንድ የጉበት በሽታዎች የሚታዘዘው የኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ መነሻ ነው። ከረጢቱን ሳይቀድ ማውጣትም ለአራጆቻችን አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ሥጋው እንዳይመር ሲጠነቀቁ የኖሩበት ሙያ ነው።

ለዕረፍት ስትመጪ በረዶ መያዣውን አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ፤ በሌሊት አብረን እንሄዳለን።

አባትሽ