ለደብረ ብርሃን የሚታሰብ አዳራሽ ከብርዱ ይጀምር

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በደብረ ብርሃን ስፖርቱንም፣ ሙዚቃውንም፣ ባዛሩንም የሚያስተናግድ ሁለገብ አዳራሽ ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ በነዋሪው መካከል በተነሳ ቁጥር ጨዋታው ወዲያው ወደ ወንበር ብዛት ይዞራል። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀውና 10,000 ያህል ተመልካች የሚይዘው የሩዋንዳው ኪጋሊ አሬናም (አሁን ቢኬ አሬና የሚባለው አዳራሽ) አብሮ ይጠቀሳል። በግንባታ ሙያ ላይ እንዳለ ሰው የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ዝግጅት በሌለበት ተራ ማክሰኞ አዳራሹ ምን ይሠራበታል?

ወለሉ ለእጅ ኳስ በሚሆን ልክ፣ ማለትም 40 በ20 ሜትር ከነዙሪያው ከታቀደ፣ 28 በ15 ሜትር የሆነው የቅርጫት ኳስና 18 በ9 ሜትር የሆነው የመረብ ኳስ ሜዳ በውስጡ ያርፋሉ። መቀመጫው በከፊል ወደ ግድግዳው የሚሰበሰብ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ተማሪዎች የተወዳደሩበት ወለል ማታ ለሰርግ ይሆናል። የአዲስ አበባው ሚሊኒየም አዳራሽ በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ሕክምና ማዕከል ለመሆን የበቃው ሰፊና ክፍት ወለል ስለነበረው ነው። ለሙዚቃ ዝግጅት የሚሰቀለው የድምፅና የመብራት ዕቃ ግን በቶን የሚቆጠር ስለሆነ፣ ካፕሪያታው፣ ማለትም ጣሪያውን የሚሸከመው ማዕቀፍ፣ ይህን ሸክም እንዲችል ከመነሻው ሊሰላ ይገባል፤ ካለቀ በኋላ እናጠናክረው ማለት ለሁለተኛ ጊዜ መገንባት ነው።

ዋናው ጉዳይ ብርዱ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ማቀዝቀዣ ማሽን ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ማሞቂያም ቢሆን ብዙ አያስፈልግም፤ ተቀምጦ የሚመለከት አንድ ሰው ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ስለሚያወጣ፣ 3,000 ተመልካች ብቻውን 300 ኪሎ ዋት ያህል ያመነጫል። ችግሩ ይህ ሙቀት ከትንፋሽ እርጥበት ጋር መምጣቱ ነው። እርጥበቱ ውርጭ የመታውን ባዶ ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ሆኖ በተመልካቹ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ጣሪያው ከሥሩ ሙቀት የሚይዝ ንጣፍ፣ ግድግዳው ከታች የአየር ማስገቢያ፣ ጣሪያው ከላይ ማስወጫ ሊኖረው የግድ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑም ጄኔሬተሩና የአየር ማራገቢያው ለዚህ ከፍታ ተሰልተው ሊገዙ ይገባል፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጉልበት እዚህ ሙሉ በሙሉ አይገኝም።

በአንድ የሕዝብ አዳራሽ፣ በነሐሴ፣ የምረቃ ንግግር እየተደረገ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ተናጋሪው ድምፅ ማጉያውን እንደያዙ ዝም ብለው ቆመው አይቻለሁ፤ የወላጆቹ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ይህን ለመከላከል የጣሪያው ንጣፍ ክብደትና ውፍረት ያስፈልገዋል። በውስጥ በኩል ደግሞ የገደል ማሚቶ እንዳይሆን ድምፅ የሚውጥ ነገር ያሻል፤ እዚህ ላይ የመንዝ በግ ፀጉር መታሰቡ አይቀርም። ሸካራ ነው ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ይኸው ፀጉር ድምፅንም ሙቀትንም ይይዛል፤ ብርድ መከላከሉን በርኖስ ለብሶ ላደገ ሰው ማስረዳት አያሻም። ለብል መከላከያ መታከምና የእሳት ፍተሻ ማለፍ ግን ይኖርበታል። ለግድግዳውም ቢሆን መስተዋት ከሩቅ ከማስመጣት የአካባቢያችን ጥቁር ድንጋይና ጠራቢዎቹ አሉልን።

ስለ ውሃው በአጭሩ ልበል። 4,000 ካሬ ሜትር ጣሪያ በ100 ሚሊ ሜትር ዝናብ 400,000 ሊትር ይሰበስባል፤ ይህም ለመጸዳጃ ቤትና ለጽዳት ይበቃል፣ ታንከሩ በቂ ስፋት ካለው። አሸንዳው ግን ሰፊ፣ ትርፍ ማፍሰሻ ያለውና ከግድግዳው ውጭ የተሠራ ይሁን፤ በረዶ ጥሎ አሸንዳ ሲደፈን ውሃው ወዴት እንደሚመለስ የሰሜን ሸዋ ሰው ያውቀዋል።

እንዲህ ያለ ግንባታ የሚያስቡ ሁሉ የመሠረት ድንጋይ ከማስቀመጣቸው በፊት ሁለት ወረቀት ለሕዝብ እንዲያሳዩ እጠይቃለሁ፤ አንዱ የዓመቱ የመብራት፣ የጥበቃና የጥገና ወጪ ከነገቢው፣ ሌላው አዳራሹ በሳምንቱ ሰባት ቀናት ለማን፣ በስንት ሰዓትና በምን ክፍያ እንደሚከፈት የሚያሳይ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የግንባታ ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን