ወደ አውሮፓ ለሚሄዱ መንገደኞች ቅቤና ቋንጣ ማሸግ ስለማቆማችን

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ከዚህ ወር ጀምሮ ባልትና ቤታችን ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮችና ወደ እንግሊዝ ለሚሄድ መንገደኛ ቅቤ፣ አይብም ሆነ ቋንጣ አያሽግም። ብዙዎቻችሁ ለልጆቻችሁና ለእህት ወንድሞቻችሁ የምትልኩት ስንቅ ከእኛ ቤት የሚወጣ በመሆኑ ምክንያቱን በግልጽ ልንነግራችሁ ይገባል።

ከኢትዮጵያ የሚነሳ መንገደኛ ሥጋና ወተት፣ ከእነርሱ የተሠራ ምግብም ቢሆን፣ በሻንጣው ይዞ ወደነዚህ አገሮች መግባት አይፈቀድለትም። «ለራሴ መብል እንጂ ለንግድ አይደለም» ማለት አያድንም፤ ክልከላው የወጣው ለመንገደኛ ሻንጣ ጭምር ነውና። «ቅቤው ነጥሯል፣ ቋንጣው ደርቋል» የሚለውም እንዲሁ። ቋንጣ የገባበት ድርቆሽ ያው ሥጋ ነው። ዕቃው ይወሰድና ይወገዳል፤ ባለቤቱም ሊቀጣ ይችላል።

ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም። የከብቶች አፍተግር በሽታ ቫይረስ በሥጋና በወተት ውጤቶች ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ አገራችንም በሽታው ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታንያ በሽታው ተነስቶ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ተገድለዋል። መነሻው በሕገ ወጥ መንገድ የገባ ሥጋ የተቀላቀለበት የምግብ ትራፊ ለአሳማ መሰጠቱ ሳይሆን እንደማይቀር ተገምቷል። ጀርመንም እ.ኤ.አ. ከ1988 ወዲህ አይታው የማታውቀውን በሽታ በጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) በርሊን አጠገብ በጎሾች ላይ አገኘችው። ከብት ያረባ ሰው ይህ ስጋት ይገባዋል።

አንዳንድ ደንበኞች ቋንጣውን በርበሬው መሐል ቀብረን እንድናሽግ ይጠይቁናል። ይህን አናደርገውም። ያ ከረጢት በተከፈተ ጊዜ ንጹሑ በርበሬና ሽሮም አብሮ ይጠረጠራል፤ ፈታሹ ፊት ቆመው የሚጨነቁት ደግሞ ቋንቋውን የማያውቁ፣ አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሄዱ እናት ናቸው። ይህ እንዲደርስባቸው አንፈልግም።

ለአራሷ የሚሆን ሌላ መንገድ አለ። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ አብሽ፣ እርድና ነጭ አዝሙድ በልክ ደባልቀን፣ ፈጭተን የቅቤ ማንጠሪያ ቅመም አዘጋጅተናል። እዚያው ጨው የሌለበት ቅቤ ተገዝቶ በቀስታ እሳት ላይ ከቅመሙ ጋር ሲነጠር ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሽሮ፣ በሶና የገንፎ ዱቄት እንደ ቀድሞው ይሄዳሉ። ማር እስከ 2 ኪሎ ድረስ ወደ አውሮፓ ኅብረት ይገባል፤ ነገር ግን በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ይሁን፣ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በፍተሻ አያልፍም። ትኩስ ቃሪያና ጤና አዳም የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ስለሚጠይቁ ባታስገቧቸው ይሻላል።

ወደ አሜሪካ የምትሄዱ ደግሞ ማንኛውንም ምግብ፣ አንዲት ከረጢት ሽሮ ብትሆንም፣ ለጉምሩክ ማሳወቅ አለባችሁ። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ቋንጣ እዚያም አይገባም። የሌላውን ምግብ ውሳኔ የሚሰጠው በቦታው ያለው የግብርና ፈታሽ ነው። ያሳወቀ ሰው ቢበዛ ዕቃው ይወሰድበታል እንጂ አይቀጣም፤ የደበቀ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሆን እንኳ እስከ 1,000 ዶላር ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ በቅጹ ላይ ስለ ምግብ ሲጠየቅ «አዎ» በሉ።

ከእንግዲህ ስታዙን የምትሄዱበትን አገር አስቀድማችሁ ንገሩን። በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ የምግቡን ስም፣ የገባበትን ቅመምና ክብደቱን በእንግሊዝኛ ጽፈን እንለጥፋለን፤ ጽሑፉን አትላጡት። ለአውሮፓ ጉዞ ቅቤ ወይም ቋንጣ አዝዛችሁ ገንዘብ የከፈላችሁ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ብትመጡ ሙሉውን እንመልሳለን፣ ወይም በፈለጋችሁት ቅመም እንለውጥላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የባልትና ቤታችሁ ባለቤቶችና ሠራተኞች