ከስትሮክ በኋላ የተረሳው ግራ ጎን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለቤቴን ስትሮክ የመታው በቀኝ አንጎሉ በኩል ነው። ግራ እጁ ይንቀሳቀሳል፤ እሱ ግን የራሱ መሆኑን ይረሳዋል። ከትሪው የቀኙን በኩል ጠርጎ በልቶ «ወጥ ጨምሪልኝ» ይለኛል፤ በግራ በኩል ያለው ሽሮ አልተነካም። ዘመድ «አውቆ ነው» ይላል። አውቆ አይደለም! ዓይኑም ደህና ነው፤ ትኩረቱ ነው ወደ ግራ አልዞር ያለው። አንድ ቀን ግራ እጁ ከከሰሉ አጠገብ ወድቆ ሲለበለብ እንኳ አልታወቀውም።

ከሆስፒታል ስንወጣ የግፊት ኪኒን ተሰጠን እንጂ ይህን የነገረን አልነበረም። ያስተማረችን በኋላ ያገኘናት ፊዚዮቴራፒስት ናት። አሁን በግራው በኩል ተቀምጬ አጫውተዋለሁ። በትሪው ግራ ጠርዝ ቀይ ጨርቅ አስቀምጣለሁ፤ ጨርቁን ፈልጎ ሳያይ አይጎርስም። እጁን በሻካራ ፎጣ አሸዋለሁ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ባቄላና ሽምብራ በጣቱ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአንጎል ተመራማሪው ዶክተር ራማቻንድራን፣ እጃቸው የተቆረጠ ሰዎች በሌለው እጃቸው ለሚሰማቸው ሕመም የሞከሩት የመስታወት ሕክምናም (የደህናውን እጅ እንቅስቃሴ በመስታወት እያዩ ሌላው እጅ የሚንቀሳቀስ እንዲመስል ማድረግ) ዛሬ ለስትሮክ ይሠራበታል፤ ለእሱ ተራ መስታወት ይበቃል።

ሆስፒታሎች ታማሚ ሲያሰናብቱ ይህንኑ በአንድ ገጽ ጽፈው ለአስታማሚው ይስጡልን። እናንተም በጤና ዓምዳችሁ ባለሙያ ጋብዛችሁ አስረዱን።

አስታማሚ ባለቤት፣ ከደሴ