ማድ ቤቴን ያፈረሰው ማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ቀዩ ምልክት የተቀባው አጥሬ ላይ ብቻ ነበር። መንገዱ ሲሰፋ አጥሩ እንደሚነሳ ወረዳው አስቀድሞ ነግሮኛል። አልተከራከርኩም።

በቀጠሮው ጠዋት ኤክስካቫተሩ መጥቶ አጥሩን አፈረሰ። እዚያ ግን አላበቃም፤ ማድ ቤቴንም ጨመረበት። ምጣዴን አስሼ ልጋግር ስል ነው የደረሱት። ቡሃቃው ውስጥ የነበረው ሊጥ ላይ የጭቃ ግድግዳው ተናደበት።

«ልጄ፣ ምልክቱን አላየኸውም?» አልኩት ኦፕሬተሩን። «እማማ፣ እኔ በሰዓት ተከፋይ ነኝ፤ ፎርማኑን ያናግሩ» አለኝ። ፎርማኑ፣ «ያሳየን ወረዳው ነው» አለ። ወረዳ ስሄድ ደግሞ፣ «እናታችን፣ ማሽኑ የኛ አይደለም፤ የኮንትራክተሩ ነው»። የኮንትራክተሩን ስም ለማወቅ ብቻ ዘጠኝ ቀን ተመላለስኩ። እስካሁን «ነገ ይምጡ» ነው።

ጡረታ እስክወጣ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሠርቻለሁና ሕጉ ትንሽ ይገባኛል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2126 መሠረት፣ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ሲያጠፋ ተጎጂው መንግሥትን ካሳ መጠየቅ ይችላል። መንግሥት ደግሞ ዞሮ ሠራተኛውን ይጠይቃል። አንቀጽ 2134 ግን፣ ራሱን ችሎ የሚሠራ ሰው ለሚያጠፋው ጥፋት አሠሪው ኃላፊ አይሆንም ይላል። ወረዳው ሹልክ ሊል የሚፈልገው በዚህች በር ነው።

ቤት ለማሠራት ግንበኛ የቀጠረ ሰው እንዲህ ብሎ ቢከራከር ይገባኛል። የሰው ቤት ማፍረስ ግን እንደ ግንበኝነት ማንም የሚሠራው ሥራ ነው እንዴ? እኔ ተነስቼ የጎረቤቴን አጥር ብንድ እታሰራለሁ። ኮንትራክተሩ የማይታሰረው የወረዳውን ሥልጣን ተውሶ ስለመጣ ነው። ሥልጣኑን ያዋሰው አካል ታዲያ ጥፋት ሲመጣ እንዴት «አላውቀውም» ይላል?

የደንብ ልብስ የለበሰ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ መልአክ ነው ማለቴ አይደለም፤ ስንቱን አይቻለሁ። ግን መታወቂያ አለው፣ አለቃ አለው፣ የሚከሰስበት ቦታ ይታወቃል። የዚያን ቀን ቆርቆሮዬን ጭነው የሄዱትን ልጆች ማንነት ማን ይነግረኛል?

የምጠይቀው ትንሽ ነው። የሚያፈርሰው ድርጅት ስም ማስጠንቀቂያው ላይ ይጻፍ። ምልክቱን የቀባው ሠራተኛም ማሽኑ እስኪወጣ ቦታው ላይ ይቁም፤ ሲጨርሱም ይፈርም።

እስከዚያው የምጋግረው ጎረቤት ቤት ነው። የምጣዴን ስባሪ በማዳበሪያ ቋጥሬ አስቀምጫለሁ፤ ተከሳሹ ማን እንደሆነ የነገሩኝ ቀን ለማስረጃ ይዤው እሄዳለሁ።

አንዲት ጡረተኛ፣ ከአዲስ አበባ