አንድ ጊዜ እንቆፍር፣ አብረን እንክፈል

ለጅማ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ጅማ

ጤና ይስጥልን። ኮቺ አካባቢ ነው የምኖረው፤ የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ጠባብ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው።

መንገዷን ኮብልስቶን ያስነጠፍናት አዋጥተን ነው። ብር ያልነበረው ጉልበቱን ሰጠ። ዓመት ሳይሞላት አንድ መሥሪያ ቤት መስመር ሊቀብር መጣ። ድንጋዩን ነቀለ፣ ቀበረ፣ አፈሩን መለሰና ሄደ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሌላው መጥቶ ከጎኑ ቆፈረ። ከዚያ ክረምት ገባ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። አንድ ሌሊት ጎረቤታችንን ምጥ ያዛት። ባጃጁ ጭቃው ውስጥ መግባት አልቻለም። አራት ሆነን በወንበር ተሸክመን አስፋልት አደረስናት። ደግነቱ በሰላም ተገላገለች።

ቆፋሪዎቹን አነጋግሬያቸው ነበር። የመጀመሪያው፣ “የኛ በጀት ለመቅበር እንጂ ለማንጠፍ አይደለም” አለኝ። ሁለተኛው ደግሞ፣ “እስከ ሰኔ 30 ካልሠራንበት ገንዘቡ ተመላሽ ነው” አለ። ሁለቱም የታዘዙትን ነው የሠሩት። ችግሩ እያንዳንዱ በራሱ እቅድ፣ በራሱ ሒሳብ፣ በራሱ ሪፖርት መኖሩ ነው። መንገዷ ግን አንድ ናት።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ይህን ነው። ለሚመጣው ሐምሌ በጀት ከመጽደቁ በፊት ውሃ፣ መንገድ፣ መብራትና ቴሌ የሚመለከታቸውን ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡልን። አንድ ሰፈር ይምረጡ። ሁሉም ከበጀቱ ትንሽ ትንሽ ያዋጣና በአንድ የጋራ ሒሳብ ይቀመጥ። አንዴ ተቆፍሮ ሁሉም መስመሩን ይቅበር፤ ቦዩ ይሠራ፤ ከዚያ ድንጋዩ ይመለስ።

ይህ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የንጹህ ውሃና ሳኒቴሽን አገር አቀፍ ፕሮግራም የውሃ፣ የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ ሚኒስቴሮችን በአንድ እቅድ፣ በአንድ በጀትና በአንድ ሪፖርት ለማሠራት የተነሣ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደግሞ አለ። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከ13ቱ ወረዳዎች አንዷ የዞናችን ሊሙ ኮሳ ነበረች። አባሉ መዋጮውን ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ደሃ ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑለታል፤ ፌዴራል መንግሥትም ይደጉማል። ገንዘቡ ከተለያየ ኪስ ይወጣል፤ ታማሚው ግን የሚይዘው አንድ ደብተር ነው።

እርግጥ መሥሪያ ቤቶች ቶሎ አይተማመኑም። ይገባኛል፤ እኛም ጋ እንዲሁ ነበር። እድራችንና የጎረቤት ሰፈር እድር ለዓመታት እንኳን ገንዘብ፣ ወንበር አንዋዋስም ነበር። መጀመሪያ 20 ወንበር አዋስናቸው። ቆጥረው መለሱ። በሚቀጥለው ሐዘን እነሱ ድስት አዋሱን። ከሁለት ዓመት በኋላ አዋጥተን ትልቅ ድንኳን ገዛን። የጋራ ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱ እኛ ጋ፣ አንዱ እነሱ ጋ፣ ሦስተኛው ሁለታችንም ከምናምናቸው ሽማግሌ ዘንድ ነው። በየወሩ ሒሳቡ በጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። እስካሁን አንድም ሰው በሌብነት አልተጠረጠረም፤ ምክንያቱም ማንም ብቻውን መክፈት አይችልም።

የጋራ ሒሳቡም እንዲህ ይሁን። ሳይፈራረሙ ገንዘብ አይውጣ። የገባውና የወጣው ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። መዋጮውን ያዘገየ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ይጻፍ፤ በኋላ ቂም የሚያመጣው ያልተጻፈው ነው። ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ኃላፊዎች ብራቸውን የጋራ ሒሳብ ውስጥ መክተት የሚፈሩት ሥራው በሌላው ሪፖርት ውስጥ እንዳይገባ ነው። የሚገመገሙት በሪፖርታቸው ስለሆነ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ሥራው የሁሉም ሪፖርት ላይ ይግባ፤ ኦዲቱም አንድ ይሁን። ሁሉንም አስቀምጣችሁ ይህን ማስማማት የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንም አትርሷቸው። ለማኅበረሰብ ተኮር ትምህርታቸው ቅጽ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ስለ ውሃው፣ ስለ መጸዳጃው፣ ስለ ቆሻሻው ይጠይቃሉ። የትኛው ሰፈር ይቅደም ስትሉ ያ መረጃ ይጠቅማችኋል።

እኛም ባዶ እጃችንን አልመጣንም። እድሩ በጉባኤ ወስኖ የበኩሉን ገንዘብ መድቧል። ከመንገዷ የተነቀሉትንም ድንጋዮች እንዳይጠፉ ሰብስበን እድሩ ግቢ ከምረናቸዋል። ሥራው የሚጀመርበትን ቀን ንገሩን፤ ተሸክመን እናወጣቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የሰፈሩ እድር ገንዘብ ያዥ
ኮቺ፣ ጅማ