ገና በዓመት 300 ጊዜ አይመጣም፦ ለአነስተኛ ግብር ከፋዮች ቅርንጫፍ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር ነበር። መሰንበትዎን ግን አውቃለሁ፤ ከጥር ጀምሮ ቢሮዎ በር ላይ ስመላለስ ስብሰባ ሲገቡ አይቼዎታለሁ። በአካል መነጋገሩ ስላልሆነልን ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ እጽፍልዎታለሁ።

ቅቤ፣ አይብና እንቁላል ሻጭ ነኝ። ሱቄ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። የቀን ገቢ ገማቾችዎ ሦስት ሆነው የመጡት መቼ እንደሆነ ያውቃሉ? የገና ዋዜማ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት። 43 ቀን የጾመ ሰው ሁሉ ተሰልፎ፣ ልጄ ሚዛኑ ላይ ቆማ፣ እኔ የምይዝ የምጨብጠው ጠፍቶኝ። እነሱ ጥግ ይዘው ቆጠሩ። አንዱማ 20 እንቁላል ገዝቶ ነው የሄደው፤ የራሱንም ብር ከገቢዬ ሳይደምረው አይቀርም።

የግምቱ ወረቀት መጣ። የቀን ሽያጭ 9,000 ብር፣ ሲባዛ በ300 ቀን፣ 2.7 ሚሊዮን ብር። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ ዓመታዊ ገቢው 2 ሚሊዮን የደረሰውን ሰው ደረጃ ሀ ያደርገዋል። ሒሳቤን በልጄ ደብተር ጀርባ የምጽፈው እኔ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሒሳብ ሠራተኛ የሚያስፈልገኝ ትልቅ ነጋዴ ሆንኩ። እሰይ!

ስለ ጾም ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። የነቢያት አለ፣ ሰኔ ላይ የሐዋርያት አለ፣ ፍልሰታ 15፣ ከዚያ ረቡዕና አርብ። ሙስሊምና ጴንጤ ደንበኞቼ ባይኖሩ ሁዳዴን ሱቁን ቆልፌ አገሬ ብገባ ይሻለኝ ነበር። እንቁላል እንደ ስኳር ተቀምጦ አይጠብቅም። ኪራዩ ደግሞ አይጾምም።

ቅሬታ በ21 ቀን ውስጥ ይቀርባል ይላል ሕጉ። እኔ በ4ኛው ቀን አስገባሁ፣ የሽያጭ ደብተሬንና ከቢሾፍቱ እንቁላል የተረከብኩበትን ወረቀት አያይዤ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ "ማዘር፣ ሰኞ ይምጡ" አለችኝ። ሰኞ ሲስተም የለም። ሐሙስ ፋይሉ ጠፋ። ፋይሉ ሲገኝ ኮሚቴው አልተሟላም። ማዘር መባሉን ለምጄዋለሁ፣ ሰኞዎቹን ግን መቁጠር ትቻለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ 180 ቀን አለፈ።

ይግባኝ በይ ትሉኝ ይሆናል። የግብር አስተዳደር አዋጅ 983/2008ን አስነብቤያለሁ፤ ይግባኝ ለማለት የተከራከርኩበትን ግብር ግማሽ አስቀድሜ መክፈል አለብኝ። ገንዘቡ የለኝም ብዬ ለማስረዳት ግማሹን ይዤ ልምጣ? ከሐምሌ 1 ጀምሮ ደግሞ የንግድ ፈቃድ ማደሻ ነው። ለማደስ ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ የለባትም የሚል ወረቀት አምጪ፣ ለክሊራንሱ ግምቱን ከፍለሽ ጨርሺ። ከየት አምጥቼ?

ግብር አልከፍልም አላልኩም። በ2009 ክረምት፣ የቀን ገቢ ግምቱ ያን ሁሉ ጣጣ ሲያመጣና ስንቱ ሱቁን ሲዘጋ፣ እኔ ተበድሬ ከፍያለሁ። ደረሰኙ አሁንም አለ፣ ከፈለጉ ላሳይዎ።

ዛሬ ነሐሴ 3 ነው፣ ፍልሰታ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ። ከጠዋት ጀምሮ የሸጥኩት ግማሽ ኪሎ ቅቤና 6 እንቁላል ነው። እባክዎ እነዚያኑ ሦስት ገማቾች ዛሬ ይላኩልኝ። ወንበር አለ፣ ሰልፍ የለም፣ ተረጋግተው ይቆጥራሉ።